ናሙናው ከየት እንደሚወሰድ ጠይቂ

እህቴ፣ እናትሽ አፋቸው ቆስሎ ከከረመ በኋላ ጀርባቸው ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር እንደወጣባቸው፣ ጎረቤቱ «አልማዝ ባለጭራ ነው» ሲል ሐኪሙ ደግሞ ናሙና ይወሰድ እንዳለ ጽፈሻል። «ቆዳው ሲቆረጥ አይባባስም ወይ?» ላልሽው፣ አይባባስም። አስወስዱ።

ታላቅ እህቴን እዚሁ ባሕር ዳር ያስታመምኩት ተመሳሳይ ምልክት ይዟት ነው። አልማዝ ባለጭራ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት ዞሮ ይወጣል፤ በሳምንታት ውስጥም ይደርቃል። የእሷ ግን ከአፏ ጀመረ። በርበሬ የነካው ነገር መቅመስ አቅቷት በቀዘቀዘ አጥሚት ከረመች፤ ከዚያ ደረቷም ጀርባዋም ላይ ግራ ቀኝ ሳይል ወጣ፣ ቶሎ ቶሎ እየፈነዳም ነጠላዋ ላይ ይጣበቅ ነበር። የቆዳ ሐኪሙ ከቁስሉ አጠገብ ያለውን ደህና የሚመስል ቆዳ በጣቱ ገፋ ሲያደርገው ላዩ ተንሸራቶ ተላጠ። ምልክቱን ኒኮልስኪ ይሉታል። ፔምፊገስ ቩልጋሪስ የሚባለውን፣ አፍና ቆዳ ላይ ውሃ እየቋጠረ የሚያቆስል በሽታ የጠረጠረው ያኔ ነው፤ ግን የሚመሳሰሉ በሽታዎች ስላሉ በዓይን ብቻ አልወሰነም።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ በይ። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ናሙናውን የወሰዱት ከፈነዳ አሮጌ ቁስል ነበር። የላይኛው ቆዳ እዚያ ላይ ስለሌለ ውጤቱ «ብግነት» ከማለት አላለፈም። ሁለተኛው ገና ከወጣ፣ ካልፈነዳ ትንሽ ቋጠሮ ጠርዝ ተወሰደ፤ በማደንዘዣ ነው፣ ብዙም አላመማት። ናሙና የሚመረምረው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ በማይክሮስኮፕ ሲያየው የላይኛው ቆዳ ህዋሳት እርስ በርስ ተለያይተው የታችኛው ረድፍ ብቻ ቦታው ላይ ቀርቷል። ሰውነት ህዋሳቱን የሚያያይዘውን የራሱን ፕሮቲን ሲያጠቃ የሚሆን ነው። እና የእናትሽም ይኸው ከሆነ ተላላፊ አይደለም፣ እባካችሁ ዕቃ አትለዩባቸው።

ኢሚዩኖፍሎረሰንስ የሚባለው፣ ቆዳውን የሚያጠቃውን ፀረ እንግዳ አካል በሚያበራ ቀለም የሚያሳየው ምርመራም ከታዘዘ ሌላ ናሙና ያስፈልጋል፤ እሱ ከቁስሉ አጠገብ ካልቆሰለ ቆዳ ይወሰዳል፣ ፎርማሊን (የተለመደው የናሙና ማቆያ ፈሳሽ) ውስጥ ከገባ ግን ይበላሻል። ከዘጌ በጀልባ ለምትመላለሱት ሁለቱም በአንድ ቀን ቢወሰዱ ይሻላል፣ እያንዳንዱ ናሙና የሚገባበትን ዕቃ ከመቆረጡ በፊት ጠይቂ። መጠየቂያ ወረቀቱ ላይም ከአፍ እንደጀመረና የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ፣ የግፊቱም ጭምር፣ ይጻፍ። ፓቶሎጂስቱ እናትሽን አያያቸውም፣ የሚያየው ወረቀቱንና ቁራጯን ነው።

ለዚህ በሽታ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን የሚባል መድኃኒት ከተጀመረላቸው ጠበልም ቢሄዱ በድንገት እንዳያቋርጡት። ስኳርና ግፊት ከፍ ስለሚያደርግ፣ ካለባቸው ቀድመሽ ለሐኪሙ ንገሪ። ትኩሳት ከመጣ ግን ውጤት አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰጃቸው።