ደብል ቤዝን በቫን ይዞ ድንበር ስለመሻገር

ጥያቄ፦ የደብል ቤዝ፣ ማለትም በደጋን የሚመታው ትልቅ ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ፣ ተጫዋች ነኝ። ከሦስት የሙያ ጓደኞቼ ጋር በኪራይ ቫን አራት አገሮችን እያቋረጥን የሙዚቃ ዝግጅት ልናቀርብ አስበናል። መሣሪያዬ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሲሆን የደጋኔ ጫፍ በዝሆን ጥርስ የተለበጠ ነው። ከአገር ይዤው ወጥቼ ስለማላውቅ፣ ለጉምሩክ ምን ሰነድ እንደሚያስፈልገኝና በመኪናው ውስጥ እንዴት ባስቀምጠው ሳይጎዳ እንደሚደርስ ብታስረዱኝ። ክሮቹን ሙሉ በሙሉ አላልቼ እንድጓዝ የመከሩኝም አሉ፤ ትክክል ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስለ ሰነዱና ስለ አጫጫኑ ያነሷቸው ጥያቄዎች የተለያዩ ቢመስሉም የሁለቱም መልስ የሚጀምረው መሣሪያዎ ከምን ከምን እንደተሠራ በዝርዝር ከማወቅ ነው። ስለዚህ ጉዞው ከመቃረቡ ብዙ ወራት አስቀድመው ወደሚያምኑት የመሣሪያ ሠሪ ወይም ጠጋኝ ይሂዱና የአካሉን፣ የአንገቱን፣ የጣት ሰሌዳውንና የደጋኑን ቁስ ከነሳይንሳዊ ስሙ፣ የተሠራበትን ዘመንና የአሁን ዋጋውን በጽሑፍ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። ይህ ወረቀት ለጉምሩክም ለኢንሹራንስም ይጠቅምዎታል።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበን የደጋንዎ ጫፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተፈረመውና በተለምዶ ሳይተስ የሚባለው ስምምነት፣ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት እንዲሁም ከእነርሱ የተሠሩ ዕቃዎች ድንበር ሲሻገሩ ይቆጣጠራል፤ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ የዝሆን ጥርስ ቁራጭም ከቁጥጥሩ አታመልጥም። ለሙዚቀኞች የተዘጋጀ የሙዚቃ መሣሪያ የምስክር ወረቀት አለ፤ እስከ ሦስት ዓመት ያገለግላል፣ ብዙ ጊዜ ለመመላለስም ያስችላል፤ ሆኖም መሣሪያው በውጭ አገር እንደማይሸጥ ግዴታ ያስገባል፣ በየድንበሩም ማኅተም ይፈልጋል። ከዚህ በተጨማሪ አንዳንድ አገሮች በዝሆን ጥርስ ላይ ከስምምነቱ የጠበቀ ሕግ ስላላቸው፣ አራት ድንበር ለሚያቋርጥ ሰው የእኛ ምክር ግልጽ ነው፤ ወይ ያንን ደጋን ቤት ትተው ሌላ ይያዙ፣ ወይ ጫፉን ጠጋኙ በአጥንት እንዲተካልዎት ያድርጉና የሥራውን ደረሰኝ ይዘው ይጓዙ። ጫፍ መቀየር በደጋን ጥገና የተለመደ ሥራ ነው፤ ለአንዲት ቁራጭ ሲባል ደጋኑን በሙሉ በድንበር ማስወረስ ግን የማይጠገን ጉዳት ነው።

በእንጨቱ በኩል ሁኔታው ይቀላል። ሮዝውድ የሚባለው ጠንካራ እንጨት ዝርያዎች በሙሉ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ በቁጥጥር ሥር ሲውሉ ብዙ ሙዚቀኞች ተቸግረው ነበር፤ ከኅዳር 2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከፈቃድ ነፃ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በጥብቅ የሚጠበቀው የብራዚል ሮዝውድ በዚህ ነፃነት አልተካተተም፤ የጠጋኙ ወረቀት ትክክለኛውን የዝርያ ስም እንዲይዝ ያሳሰብነውም ስለዚህ ነው።

ለቀረጥ ጉዳይ የሚያገለግልዎት ኤቲኤ ካርኔ የሚባለው ሰነድ ነው። በአብዛኛው በንግድ ምክር ቤቶች በኩል የሚሰጥ ሲሆን፣ የሙያ መሣሪያን በጊዜያዊነት ቀረጥ ሳይከፍሉ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ወደ አባል አገሮች ለማስገባት ያስችላል፤ ለዚህም መያዣ ይጠየቃሉ። የሚሄዱባቸው አገሮች በሙሉ ሰነዱን የሚቀበሉ መሆናቸውን አስቀድመው ያረጋግጡ። በዝርዝሩ ላይ መሣሪያውን፣ ደጋኑን፣ ሣጥኑንና ማጉያውን ከነመለያ ቁጥራቸውና ዋጋቸው ያስመዝግቡ፤ ሰነዱ ከወጣ በኋላ ዕቃ መጨመር አይቻልም። ለሽያጭ የሚይዟቸው ዕቃዎችም በዚህ ሰነድ አይሸፈኑም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማኅተሙ ላይ ነው። ከአገርዎ ሲወጡ፣ በእያንዳንዱ አገር ሲገቡና ሲወጡ፣ በመጨረሻም ሲመለሱ ማስመታት አለብዎት። ቫን የያዘ ሰው በሌሊት ድንበር ሲደርስ ማንም ሳያስቆመው ሊያልፍ ይችላል፤ ይህ እንደ ዕድል የሚቆጠር አይደለም። የመውጫው ማኅተም ከሌለ መሣሪያው እዚያው እንደቀረ ተቆጥሮ፣ ከወራት በኋላ የቀረጥ ጥያቄ ይመጣብዎታል። ስለዚህ የጉምሩክ ቢሮው ክፍት የሚሆንበትን ሰዓት ጠይቀው መንገድዎን በዚያ ያቅዱ።

ወደ መኪናው ስንመጣ፣ አሮጌ ደብል ቤዝ የተጣበቀው ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚዘጋጅ ማጣበቂያ ነው። ይህ ማጣበቂያ ሙቀትና እርጥበት ሲበዛበት ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ብቻ ከውጪው አየር 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ሊበልጥ ስለሚችል፣ ለምሳ ያህል ቆማችሁ ስትመለሱ መገጣጠሚያው ተከፍቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። የአየር እርጥበቱ ከ40 እስከ 60 በመቶ እንዲሆን ይጣሩ፤ በሣጥኑ ውስጥ ትንሽ መለኪያ ማኖር አይከብድም። ቅዝቃዜውንም አይናቁት፤ ደረቅ ክረምት የፊቱን ሰሌዳ ይሰነጥቃል።

መሣሪያውን በጎኑ ያስተኙት። ክብደቱ በትከሻውና በዳሌው ሥር በተነጠፈ ወፍራም ስፖንጅ ላይ ይረፍ፤ አንገቱና የራሱ ጠመዝማዛ ምንም ሳይነካቸው ነፃ ይሁኑ። ከታች ያለውን የብረት መቆሚያ ያውጡት። ሰፊ ማሰሪያ በጎኖቹ ላይ ይለፍ እንጂ ክሮቹን በሚሸከመው ብርኩማ ላይ ፈጽሞ አይለፍ፤ በላዩም ሻንጣ አይጫን፤ በድንገት ፍሬን ሲያዝ ከኋላው ተወርውሮ የሚመጣ ማጉያም እንዳይኖር ያረጋግጡ።

ክሮቹን ሙሉ በሙሉ አላልተው ይጓዙ ያሉዎትን አይስሙ። በፊቱና በጀርባው መካከል የቆመው ትንሽ የድምፅ ምሰሶ ያለ ማጣበቂያ፣ በክሮቹ ጫና ብቻ ተይዞ የሚቆም ነው፤ ክሮቹ ሲላሉ ሊወድቅ ይችላል፤ መልሶ የሚያቆመው ደግሞ የሠለጠነ እጅ ነው። ቅኝታቸውን ከግማሽ ድምፅ እስከ አንድ ድምፅ ያህል ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ብርኩማው ቢወድቅ እንኳ ፊቱ እንዳይሰነጠቅ ከክር ማሰሪያው ሥር ለስላሳ ጨርቅ ያስገቡ። ሙሉ በሙሉ የሚላላው የደጋኑ ፀጉር ነው።

የኢንሹራንስ ውልዎን ሲያነቡ ሰው በሌለበት መኪና ውስጥ ስለሚደርስ ስርቆት የሚናገረውን አንቀጽ ይፈልጉ፤ ብዙ ውሎች በተለይ በሌሊት የሚፈጸመውን አይሸፍኑም፤ ስለዚህ መሣሪያው ከእርስዎ ጋር ወደ መኝታ ክፍል መግባት አለበት። ቫኑን ያከራየው ድርጅትም ድንበር ለመሻገር በጽሑፍ የፈቀደ መሆን ይገባዋል። መንገዱ በመርከብ የሚያሻግር ከሆነ፣ ጉዞው ከተጀመረ በኋላ ወደ መኪናው ክፍል መመለስ ብዙ ጊዜ ስለማይፈቀድ፣ ደጋኑንና ሰነዶቹን ይዘው ይውጡ።

የዝግጅቱ ቦታ ሲደርሱ ሣጥኑን ወዲያው አይክፈቱት። ከቀዝቃዛ ወይም ከሞቃት መኪና የወጣ እንጨት ከክፍሉ አየር ጋር ቀስ በቀስ እንዲላመድ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይተውለት፤ ከዚያም ብርኩማው በቦታው ቀጥ ብሎ መቆሙን ካዩ በኋላ ክሮቹን አንድ በአንድ፣ በዝግታ ወደ ቅኝታቸው ይመልሱ።