ካርድ አለዎት?

ከአሜሪካ ተመልሼ ለገጣፎ ቤቴን ጨርሼ ከገባሁ ገና ሁለተኛ ወር መያዜ ነበር። ሌሊቱን ሆዴን ሲቆርጠኝ አድሮ ጠዋት ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ «አባባ፣ ካርድ አለዎት?» አለችኝ። «እንዴታ!» ብዬ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊዋን የሜዲኬር ካርዴን፣ የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት 65 ለሞላቸው የሚሰጠውን የጤና ኢንሹራንስ ካርድ፣ አቀበልኳት። ገልበጥ አድርጋ አየቻት። «የኛን ነው እኮ የምልዎት!» ለካስ የምትጠይቀኝ ካርድ ክፍል ስለሚወጣው ካርድ ነው። የካርድ ከፈልኩ፣ የላቦራቶሪ ከፈልኩ፣ የመድኃኒት ከፈልኩ። ሁሉም በቅድሚያ፣ ሁሉም ከኪስ።

ጡረታ ወጥታችሁ አገር ቤት ልትገቡ የምታስቡ ከአሜሪካ ስትደውሉልኝ ስለ ሴራሚክና ስለ ውሃ ታንከር ትጠይቁኛላችሁ። ስለ ሜዲኬር የጠየቀኝ የለም። የጡረታው ክፍያ፣ ሶሻል ሴኩሪቲው፣ ለአሜሪካ ዜጋ እዚህ ድረስ ስለሚከፈል፣ ሜዲኬሩም ተከትሎ የሚመጣ ይመስለናል። አይመጣም። ከጥቂት ለየት ያሉ ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም። እነሱም በአብዛኛው ካናዳ ድንበር አካባቢ እንጂ ለገጣፎ አይደርሱም።

ሜዲኬር ክፍል ክፍል አለው። ፓርት ኤ የሚባለው የሆስፒታል አልጋውን የሚሸፍነው ነው። እናንተ ወይም የትዳር ጓደኛችሁ አሥር ዓመት ያህል ግብር እየከፈላችሁ ከሠራችሁ ወርሃዊ ክፍያ የለውም፤ ያዙት። ጣጣው ያለው ፓርት ቢ ላይ ነው። የሐኪሙንና የተመላላሽ ሕክምናውን የሚሸፍነው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መደበኛ ክፍያው በወር 185 ዶላር ነበር። ብዙ ጊዜ ከሶሻል ሴኩሪቲው ላይ ስለሚቆረጥ አይታወቃችሁም።

አንድ ወዳጄ ሱሉልታ ሲገባ «ለማልታከምበት በዓመት ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ምን አስከፈለኝ» ብሎ ፓርት ቢን ተወው። እውነቱን ነው፣ ብዙ ብር ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ልቡን አመመው። ግንቦት ላይ ልጆቹ ጋ በረረ። እንደገና መመዝገብ የሚቻለው ግን ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ብቻ ነው። የአልጋውን ፓርት ኤ ቻለለት። የሐኪሞቹ ሒሳብ ግን በስሙ መጣ። ጃንዋሪ ላይ ሲመዘገብ ደግሞ ቅጣቱ ጠበቀው። ሳይመዘገቡ ለቆዩበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት 10 በመቶ ይጨመራል። የሱ 30 በመቶ ሆነ፤ የሚከፍለውም ዕድሜ ልኩን ነው።

እኔ በየዓመቱ ልጆቼ ጋ ስለምሄድ አልተውኩትም። ጠቅልሎ የገባና ተመልሶ የማይታከም ሰው ቢተወው አልፈርድበትም። ብቻ ቅጣቱን አውቆ ይተወው።

አድቫንቴጅ የሚባለው፣ ሜዲኬርን በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠው ፕላን ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አለባችሁ። ከፕላኑ አካባቢ ከስድስት ወር በላይ ከራቃችሁ አብዛኛውን ጊዜ ያስወጧችኋል። ሜዲጋፕ፣ ማለት ሜዲኬር የማይከፍለውን የሚያሟላ የግል ኢንሹራንስ፣ ከገዛችሁ አንዳንዶቹ ለድንገተኛ ሕመም ውጭ አገርም ይከፍላሉ። ግን ከአሜሪካ በወጣችሁ በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ውስጥ ለጀመረ ሕመም ነው፤ የዕድሜ ልክ ጣሪያውም 50,000 ዶላር ነው። ለክረምት እረፍት ይበቃል፣ ለኑሮ አይሆንም።

እዚያ አሜሪካ እንደኔ ታክሲ ለምትነዱ አንድ ነገር ልጨምር። 65 ሲሞላችሁ የመመዝገቢያው ጊዜ ሰባት ወር ነው፤ ከልደታችሁ ወር በፊት ሦስት፣ በኋላም ሦስት። ያለ ቅጣት ማዘግየት የሚችለው በራሱ ወይም በትዳር ጓደኛው የወቅቱ ሥራ በኩል ኢንሹራንስ ያለው ሰው ነው። ኦባማኬር የምንለው፣ በግላችን የምንገዛው ኢንሹራንስ፣ እንደዚያ አይቆጠርም። «ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ ተዘናግቶ የተቀጣ ብዙ ሰው አውቃለሁ።

እናትና አባቶቻችሁን በግሪን ካርድ ለወሰዳችሁም፣ 65 ስለሞላቸው ብቻ ሜዲኬር አያገኙም። የሥራ ታሪክ ከሌላቸው ግሪን ካርድ ይዘው አምስት ዓመት ሳያቋርጡ መኖር አለባቸው። ከዚያም ቢሆን መግዛት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ፓርት ኤ ብቻውን በወር 518 ዶላር ነበር። ሜዲኬይድ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሆነው፣ ሌላ ነው፣ እሱ ገቢን ያያል፣ ደንቡም በየስቴቱ ይለያያል። ወደ አገር ቤት አጭር ጉብኝት ችግር የለውም። መጥተው ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ እናቶች ግን የአምስት ዓመቱ ቆጠራቸው ሊበላሽ ይችላል። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ግሪን ካርዳቸው ላይ ከመቼ ጀምሮ ነዋሪ እንደሆኑ የተጻፈውን ቀን እዩ።