«ሲስተካከል እከፍላችኋለሁ» ብሎ ደመወዝ መቀነስ

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ 34 ሠራተኞች ያሉት የኅትመት ድርጅት አለኝ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የወረቀትና የቀለም ዋጋ አልቀመስ ብሏል፤ ሥራም ቀዝቅዟል። ማንንም ማሰናበት አልፈልግም፤ ብዙዎቹ ከጅምሩ አብረውኝ ያሉ ናቸው። ደመወዛቸውን በአንድ ሦስተኛ ቀንሼ ሁሉንም ይዤ ለመቆየት አስቤያለሁ። ሰብስቤ አነጋግሬያቸው ሁሉም ተስማምተዋል፤ ነገሩ ሲስተካከል እንደምከፍላቸውም ነግሬያቸዋለሁ። አሁን ግን ሁለቱ ማጉረምረም ጀምረዋል። ሕጉ ይፈቅድልኛል ወይ?»

መልስ፦ ክፉውን ቀን ሠራተኛ ሳይበትኑ ለማለፍ መፈለግዎ የሚያስመሰግን ነው፤ ሕጉም መንገድ አለው። ቅር ያለኝ ግን ጥያቄዎ ውስጥ የተዘለለው ነገር ነው። በአንድ በኩል «አስቤያለሁ» ይላሉ፣ በሌላ በኩል ሁለት ሠራተኞች ማጉረምረም ጀምረዋል። ቅነሳው ከተጀመረ ቢያንስ አንድ ደመወዝ እንዳለፈው ቆጥሬ ነው የምመልሰው። ደግሞስ ሁለቱ ካጉረመረሙ «ሁሉም ተስማምተዋል» የሚለው ከየት መጣ? የተፈረመ ወረቀት አለ? በደመወዝ መክፈያው ላይ ሠራተኞቹ የሚፈርሙት በየትኛው ቁጥር ነው፣ በድሮው ወይስ በተቀነሰው? ሠራተኛ ማኅበርና የኅብረት ስምምነትስ (ማኅበሩ ከእርስዎ ጋር የተፈራረመው) አለ? መልሱ ያለው እነዚህ ላይ ነው።

የተለመዱትን መንገዶች ባጭሩ ልለፋቸው። የተጠራቀመ የዓመት ፈቃድ ካለ ፕሮግራም አውጥቶ በቀዝቃዛው ወቅት ማስወጣት ይቻላል። ያለ ደመወዝ ፈቃድም አለ፤ እሱ ግን ሠራተኛው ራሱ ሲጠይቅ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ታትሞ ለሁሉም የታደለ አንድ ዓይነት «ማመልከቻ» ጥያቄ ነው ብሎ የሚቀበል ዳኛ ማግኘት ይከብዳል። ሥራው ጨርሶ የሚቆም ከሆነ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 18 ከአሠሪው ጥፋት ውጪ በደረሰ የገንዘብ ችግር ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሥራ ሲቋረጥ ውሉን ለጊዜው ማገድ ይፈቅዳል። ምክንያቱ በተፈጠረ በ3 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የሥራና ክህሎት ቢሮ በጽሑፍ ያሳውቃሉ፤ ቢሮው በ3 የሥራ ቀናት ይወስናል፣ እገዳው ከ90 ቀን አይበልጥም። ይህን ሳያደርጉ «ዛሬ ወረቀት የለም፣ ቤታችሁ ግቡ» ካሉ ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ የመጣው ሠራተኛ በአንቀጽ 54 መሠረት የዕለቱ ደመወዝ ይከፈለዋል። ማተሚያ ቤቶች እዚህ ላይ ደጋግመው ይሳሳታሉ።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ እንምጣ። «ሲስተካከል እከፍላችኋለሁ» የሚለው ቃል ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን አንድ ላይ ያስራል። ደመወዙ ተቀንሷል ወይስ ክፍያው ዘግይቷል? ከተቀነሰ የቀረው አንድ ሦስተኛ ዕዳ አይደለም፣ ሲስተካከልም የሚመለስ የለም። ከዘገየ ግን ከወር ወር የሚጠራቀም ዕዳ ነው። የ9,000 ብር ደመወዝተኛ በወር 3,000 ብር ከቀረበት፣ በአምስት ወር 15,000 ብር ነው። ለ34 ሰው በዚሁ ልክ ቢሰላ 510,000 ብር ይሆናል። እርስዎ «ቀንሻለሁ» ብለው ሲያስቡ ሠራተኛው «አበድሬያለሁ» ብሎ ያስባል፤ ፍርድ ቤት ስትደርሱ ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው።

የቃል ስምምነትዎ ደግሞ አያድንዎትም። አንቀጽ 15 በአዋጁ ያልተወሰኑ የውል ሁኔታዎች በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በተዋዋዮቹ የጽሑፍ ስምምነት እንደሚሻሻሉ ይናገራል። የስብሰባ ጭብጨባ ከሦስቱ አንዱ አይደለም። «ዝም ብለው ፈርመው ወስደዋል» የሚለውም መከራከሪያ አይሆንም፤ አንቀጽ 60 ሠራተኛው በመክፈያ ሰነዱ ላይ ያለውን ገንዘብ ሳይቃወም መቀበሉ ከሚገባው ደመወዝ ቀሪውን እንደተወ እንደማያስቆጥር በግልጽ ደንግጓል። በተቀነሰው ቁጥር እያስፈረሙ ከሆነ ሰነዱ በራስዎ ላይ ማስረጃ ነው። በሙሉው እያስፈረሙ የተቀነሰውን የሚሰጡ ከሆነ ግን ይበልጥ አሳሳቢ ነው፤ ያልተከፈለን ገንዘብ ተከፍሏል የሚል ሐሰተኛ ሰነድ በእጅዎ ይዘዋል፣ የጡረታ መዋጮውም (ከአሠሪው 11፣ ከሠራተኛው 7 ከመቶ) ሆነ የሥራ ግብሩ በየትኛው ቁጥር እንደተሰላ ይጠየቃሉ። እባክዎ ይህን ዛሬውኑ ያቁሙ።

ስለዚህ አንዱን ይምረጡና ይጻፉት። ቅነሳ ከሆነ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጋር የሚፈረም ሰነድ ያስፈልጋል፦ የቀድሞው ደመወዝ፣ አዲሱ፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የሥራ ሰዓቱም ይቀንስ እንደሆነ፣ ቀኑ ሲደርስ ያለ ሌላ ስምምነት ወደ ቀድሞው እንደሚመለስ። «እስኪስተካከል ድረስ» ብለው አይጻፉ፤ መስተካከሉን ማን ይወስናል? ማዘግየት ከሆነ ደግሞ ዕዳውን በብር ቆጥረው የሚከፈልበትን ቀን ጨምረው ይፈርሙላቸው። የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ስለሚታገድ የሠራተኛው ጠበቃ ሳይዘገይ እንዲከስ ይመክረዋል፤ ዕዳውን በጽሑፍ ማመንዎ ግን ይርጋውን ስለሚያቋርጥ ሠራተኛው ተረጋግቶ ሊጠብቅዎት ይችላል።

ሌላ የሚረሳ ነገር አለ። ጥረትዎ ባይሳካና በኋላ ሠራተኛ መቀነስ ግድ ቢሆን የስንብት ክፍያ የሚሰላው በመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ ነው። 5 ዓመት ያገለገለ የ9,000 ብር ሠራተኛ፣ ለ30 ቀን አካፍለን ብናሰላ፣ ለመጀመሪያው ዓመት 9,000፣ ለቀጣዮቹ አራት ዓመታት በዓመት 3,000 በድምሩ 12,000፣ በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት የሚጨመረው የ60 ቀን ደመወዝ 18,000፣ በድምሩ 39,000 ብር ያገኛል። በ6,000 ብር ላይ እያለ ቢሰናበት 26,000 ብር ብቻ ነው። አብሮዎት ለመቆየት የተስማማው ሰው 13,000 ብር ያጣል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ያከራክራል። በስምምነቱ ላይ «የስንብት ክፍያ የሚሰላው በቀድሞው ደመወዝ ነው» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ። ሠራተኞችዎን እንደሚወዷቸው የሚያሳየው ይህ መስመር ነው። የጡረታ መብት ያለው ሠራተኛ ጉዳይ ለብቻው መታየት ስላለበት በግምት አያስሉ። በእርስዎ ቁጥር ላለ ድርጅት በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያቶች ቢያንስ 5 ሠራተኞችን ከ10 ቀን ባላነሰ ተከታታይ ጊዜ መቀነስ በአንቀጽ 29 ሥር ይወድቃል፤ ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካያቸው ጋር መመካከርና የ2 ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት ግዴታ ይሆናል። በኮቪድ ጊዜ፣ በ2012፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የነበረው የሠራተኛ ቅነሳ ክልከላ ጊዜያዊ ነበር፤ ዛሬም አለ ብለው አይመኩበት።

የኅብረት ስምምነት ካለ ከማኅበሩ ሳይነጋገሩ ግለሰቦችን እያስጠሩ አያስፈርሙ። የሁለቱ ሠራተኞች እምቢታም የስንብት ምክንያት አይሆንም፤ ካልፈረሙ በሙሉ ደመወዝ ይቀጥላሉ። ቢያሰናብቷቸው በ3 ወር ውስጥ ወደ ሥራ እንዲመለሱ መክሰስ ይችላሉ።

ምንም ከመፈረምዎ በፊት ጠበቃ ዘንድ ይቅረቡ። ሲሄዱ የሥራ ውሎቹን፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ካለ እሱን፣ ያለፉትን 12 ወራት ፔሮል፣ የጡረታና የግብር ማስገቢያ ደረሰኞችን፣ የሽያጭና የወረቀት ግዢ ሰነዶችን ይያዙ። ራስዎ ከድርጅቱ ያወጡት ገንዘብ ካለም አይደብቁ፤ የገንዘብ ችግሩን የሚመረምር ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ለሠራተኞቹ ደግሞ ረቂቁን ሰጥተው ቢያንስ ሳምንት ያቆዩላቸው፣ ቤታቸው ወስደው ያንብቡት፣ ሰው ያማክሩ። ያለፈውን ወር ቀሪ ደመወዝ ግን እስከዚያ ድረስ እንደ ዕዳ ይቁጠሩት።