ከታንከሩ በላይ የነበረው ቤት

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣

ባለፈው ጥቅምት፣ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ቡና ስንጠጣ፣ በሲቪል ምህንድስና ለመመረቅ አንድ መንፈቅ የቀራት ልጅ ስልኳን ከፍታ ፎቶግራፍ አሳየችኝ። ፎቶግራፉ በሰሜን ካሮላይና፣ በዊንስተን ሴለም ከተማ የሚገኘው የሼል ነዳጅ ማደያ ነበር፤ በ1930 እ.ኤ.አ. በእንጨትና በሽቦ አጽም ላይ ሲሚንቶ ተለስኖ በትልቅ የባሕር ዛጎል ቅርጽ የተሠራ ነው። በአካባቢው ስምንት እንደዚህ ያሉ ተሠርተው የተረፈው እሱ ብቻ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ከአሮጌ ማደያዎች ሥር የተቀበረውን የነዳጅ ታንከር ሲያስወጡ ኖረዋል። ከፈረሱት መካከል ሊተርፍ ይገባው የነበረ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። የዚያን ዕለት መልስ አልሰጠኋትም። አዎን፣ አለ።

በ1998 መገባደጃ ላይ በቨርጂኒያ፣ በሸናንዶዋ ሸለቆ ውስጥ በሚያልፈው በአሮጌው መንገድ 11 ዳር ወደሚገኝ ትንሽ ማደያ ተላክሁ። ባለቤቱ ሰማንያ ዓመት የሚጠጋቸው ሽማግሌ ነበሩ። ቤቱን በ1920ዎቹ የሠሩት አባታቸው ነበሩ፤ አንድ ክፍል የጡብ ቤት ሆኖ ጣሪያው ከበሩ ወደ መንገዱ ይዘረጋና በሁለት የጡብ ምሰሶዎች ላይ ያርፋል፤ መኪናው ከሥሩ ገብቶ ይቆማል። ሽማግሌው ልጅ ሳሉ የነበረውን መቅጃ ነገሩኝ። እጀታውን ወዲያና ወዲህ በመግፋት ቤንዚኑን ከላይ ወዳለው የመስታወት ጋን ያወጡታል፤ በመስታወቱ ላይ ጋሎኑ በቁጥር ተጽፏል፤ ገዢው በዓይኑ አይቶ ሲያምን በራሱ ክብደት በጎማው ወርዶ መኪናው ውስጥ ይገባል። መስታወቱ የተፈለገው ሰው የማያየውን ነዳጅ ስለማያምን ነው። ከዚያ በፊትማ ቤንዚን የሚሸጠው ከሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ በቆርቆሮ እየተቀዳ ነበር። ገልፍ ኩባንያ በፒትስበርግ ለዚሁ ሥራ ብሎ የሠራውን ማደያ በታኅሣሥ 1 ቀን 1913 ሲከፍት፣ በመጀመሪያው ቀን የሸጠው 30 ጋሎን ብቻ ነው፤ ዋጋውም ለአንድ ጋሎን 27 ሳንቲም ነበር።

ሽማግሌው እንደሚሉት አባታቸው ቤቱን መኖሪያ ቤት ያስመሰሉት ጎረቤት እንዳያማርር ነው። ይህ የእሳቸው ብቻ ሐሳብ አልነበረም። ፒዩር ኦይል የተባለው ኩባንያ በዚያው ዘመን ሰማያዊ ጣሪያና የጭስ መውጫ ያላቸው ጎጆ መሰል ማደያዎችን በየከተማው ይሠራ ነበር። ቴክሳኮ በ1937 ዋልተር ዶርዊን ቲግ የነደፈለትን ነጭ ኤናሜል የለበሰ፣ አረንጓዴ መስመርና ቀይ ኮከብ ያለበትን ማደያ ይዞ ሲመጣ ግን ማደያ ሁሉ እንደ ሣጥን መሆን ጀመረ። እኔ ልጅ ሆኜ ናዝሬት ውስጥ የኢጣሊያውን ነዳጅ ኩባንያ የአጂፕን ምልክት፣ ባለ ስድስት እግሩን ጥቁር ውሻ ቆሜ እመለከት ስለነበር፣ የማደያ ምልክት በሕፃን ልብ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በ1956 የወጣው የፍጥነት መንገዶች ሕግ ኢንተርስቴት 81ን አመጣ፤ ተጓዡም ከመንገድ 11 ወደዚያ ዞረ። ሽማግሌው በሰፈሩ ገበሬዎች ደንበኝነት ሠላሳ ዓመት ያህል ቆዩ። በኋላ የኛ ሥራ፣ የታንከሩ ነገር መጣ። ከመሬት በታች የተቀበሩት መከላከያ የሌላቸው የብረት ታንከሮች እየዛጉ ቤንዚኑ ወደ ጉድጓድ ውኃ ይገባ ስለነበር፣ ኮንግረሱ በ1984 ሕግ አወጣ፤ በ1988 ዝርዝር ደንብ ወጣ፤ ባለ ማደያዎችም እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 1998 ታንከራቸውን እንዲያሻሽሉ፣ እንዲቀይሩ ወይም እንዲዘጉ ተወሰነ። ሕጉ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ያንኑ እላለሁ። ቤንዚን ያለበትን ውኃ ለልጁ የሚያጠጣ የለም። ነገር ግን ወጪው ትንንሾቹን ባለ ማደያዎች ጣላቸው።

የሽማግሌው ታንከር የተቀበረው በምሰሶዎቹ መካከል፣ ከጣሪያው ሥር ነበር። ኤክስካቫተሩ ጣሪያውን ሳያፈርስ አይደርስበትም። ደንቡ ግን ሁለት መንገድ ይፈቅድ ነበር፤ ታንከሩን ባዶ አድርጎና አጽድቶ ማውጣት፣ ወይም ባለበት አሸዋ የመሰለ ነገር ሞልቶ መተውና አፈሩን መመርመር። ሁለተኛውን አውቀው ነበር። ሽማግሌውም «ጣሪያውን የምናተርፍበት መላ የለም?» ብለው ጠይቀውኛል። እኔ ግን «ማውጣቱ የተለመደው ነው» አልኋቸው። ውሸት አልተናገርሁም። ቀኑ ደርሶ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ሌሎች አራት ሥፍራዎች ይጠብቁኝ ነበር፤ ሁለተኛው መንገድ ተጨማሪ ደብዳቤና ክርክር ይፈልጋል፤ በአነጋገሬ ስደተኛነቴ የሚታወቅ ሰው ሆኜ ከአለቃ ጋር መከራከርም ከብዶኝ ነበር።

ጣሪያው በግማሽ ሰዓት ወረደ፤ የፊቱ ግድግዳም አብሮ ስለተሰነጠቀ ቤቱ በማግስቱ ፈረሰ። ታንከሩ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሲወጣ ከሥሩ ገብቼ አየሁት። የተቀባው ሬንጅ ገና ያብለጨልጫል፤ አንድም ቀዳዳ የለውም። ከጉድጓዱ አፈር ዘግኜ አሸተትሁ፤ የሚሸተው አፈር አፈር ብቻ ነው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው «ያፈስ ነበር?» አሉኝ። «አላፈሰሰም» አልኋቸው። ሌላ አልጠየቁኝም፤ ከፔርሙዛቸው ቡና ቀድተው ሰጡኝ።

እናንተን ስለ ትጋት አልመክራችሁም፤ ከኛ ይልቅ ትጉ ናችሁ። የምፈራላችሁ ሌላ ነው። ስልካችሁ መንገድ ስለሚያሳያችሁ ማደያ ገብታችሁ ሰው አትጠይቁም፤ ሥራ ላይም ቅጹ የሚጠይቃችሁን ብቻ ትሞላላችሁ። እኔ ያን ዕለት ያደረግሁት ይህንኑ ስለሆነ ነው የማውቀው። ባለቤቱ የማያውቀውን ሁለተኛ መንገድ የምታውቁ እናንተ ከሆናችሁ፣ ቢያደክማችሁም ቢያጣላችሁም ንገሩት። ምርጫው የእሱ ነው።

አሮጌ ማደያ ሁሉ ይወደድ ማለቴም አይደለም። ቤንዚኑን ሸጠውለት ጥቁር አሜሪካዊን ከመጸዳጃ ቤታቸው የሚመልሱ ብዙ ነበሩ፤ የሐርለሙ ፖስተኛ ቪክቶር ግሪን ከ1936 ጀምሮ ለጥቁር ተጓዦች ያሳተመው መምሪያ በኤሶ ማደያዎች ይገኝ የነበረውም ሰው የሚቀበለውን ቤት መፈለግ ስለነበረበት ነው። ስለዚህ በኦክላሆማ፣ በሉተር አቅራቢያ የትሬት ቤተሰብ የሠራው ማደያ በመንገድ 66 ዳር እስከ ዛሬ መቆሙ ከዛጎሉ ይልቅ ደስ ያሰኘኛል። ጥቁር ቤተሰብ ለራሱና ለወገኑ የከፈተው በር ነው።

ባለፈው ወር ያቺን ልጅ ይዤ ወደ መንገድ 11 ሄድሁ። መቅጃው የቆመበት ሞላላ የኮንክሪት መደብ በሣሩ መካከል አለ፤ አራቱ ብሎኖችም ዝገው ቆመዋል። ልጅቱ ሜትርና ወረቀት አውጥታ ቤቱን ከማስታውሰው ልትስለው ተዘጋጀች። የታንከሩን ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት እስከ ኢንቹ ነገርኋት፤ ከሪፖርቴ አውቀዋለሁ። በምሰሶዎቹ መካከል ስንት ጫማ እንደነበር ስትጠይቀኝ ግን የምነግራት አልነበረኝም። ያን ዕለት ሜትሩ በእጄ ነበር፤ ቤቱን ግን አልለካሁትም።