ክኒኑን ለቄሱም ለኢማሙም ንገሩ፦ ከስኪዞፍሬኒያ ጋር ስለመኖር ጥያቄና መልስ

የድሬዳዋ ሰው ነኝ። ስኪዞፍሬኒያ፣ ማለትም የሌለ ድምፅ የሚያሰማና የሌለ ነገር የሚያሳምን የአእምሮ ሕመም፣ አለብኝ፤ መድኃኒት እወስዳለሁ፣ እሠራለሁ፣ እጸልያለሁ። ሐኪም ስላልሆንኩ የመድኃኒት መጠን አልነግራችሁም። ሌላውን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ልጄ ብቻውን ያወራል። «ምግቡን መርዘውብኛል» እያለ አይበላም። ዘመድ ቁልቢ ውሰጂው ይላል፣ እህቱ ሆስፒታል ትላለች። የቱ ይቅደም? (እናት፣ ሳቢያን)

እናቴ፣ ሆስፒታሉ ይቅደም፤ ቁልቢም አይቅር። ገብርኤል ታኅሣሥ 19 ቢያመልጥዎ ሐምሌ 19 አለ። ሕመሙ ግን ሳይታከም በቆየ ቁጥር ሥር ይሰዳል። እዚህ ድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ ሐረር ለሚኖሩ ጁገልና ሕይወት ፋና ሆስፒታሎች አሉ።

«መርዘውብኛል» ሲልዎ አይከራከሩት፣ እሺም አይበሉት። ከተከራከሩት ከመራዦቹ አንዷ አድርጎ ይቆጥርዎታል፤ እሺ ካሉት ደግሞ ፍርሃቱን ያጸኑበታል። «እንዲህ እያሰቡ መዋል እንዴት ያስጨንቃል» ይበሉትና ከአንድ ትሪ አብረውት ይብሉ፤ መጀመሪያ የሚጎርሱት እርስዎ ይሁኑ። እኔን ወደ ምግብ የመለሰችኝ አክስቴ ናት። አንዲት ቃል ሳትመክረኝ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ትበላ ነበር።

ጥያቄ፦ ጠበል ቦታ አጥማቂው «መድኃኒት ይዘህ አትግባ» አሉኝ። ምን ላድርግ?

ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ ስንቱን መልሶ እንዳሳመመ! ነገሩ እንዲህ ነው፦ መድኃኒት ያቆመ ሰው ብዙውን ጊዜ በማግስቱ አያመውም። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ ጠበል ገብቶ ክኒኑን የጣለ ሰው ደኅና ሆኖ ይሰነብታል፤ «ተፈወሰ» ተብሎ እልል ይባልለታል። ሲያገረሽበት ደግሞ «እምነቱ ጎድሎ ነው» ይባላል። በሕመሙ ላይ ወቀሳ ይጨመርበታል ማለት ነው።

ጠበሉን ጠጣ፣ ተጠመቅ፣ ክኒኑንም በሰዓቱ ዋጥ። የመድኃኒቱን ስም ሳይቀር ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ አጥማቂው ሲቆጡ የሚከራከሩልህ እርሳቸው ናቸው። የእኔ የንስሐ አባት «ዛሬ ዋጥህ?» ሳይሉኝ መስቀል አያሳልሙኝም። ተደብቆ የሚዋጥ ክኒን የሚዘለል ክኒን ነው፤ ማንም ካላወቀ መዝለልህንም የሚያውቅ የለም።

ጥያቄ፦ ረመዳን ላይ የጠዋቱን መድኃኒት እንዴት ላድርገው?

ከጾሙ በፊት ሐኪምህን ጠይቅ። ብዙዎቹ መድኃኒቶች ወደ ማታ ሊዛወሩ ይችላሉ፤ በየጥቂት ሳምንቱ የሚሰጥ መርፌም አለ። የማይሆን ከሆነ ቁርአን በሱረቱል በቀራ 184ኛው አንቀጽ ለታመመ ሰው ፈቅዷል። ኢማምህን አማክራቸው። ሌሊት ለሱሑር ስትነሳ የሚጎድለውን እንቅልፍ ግን ቀን ተካው።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ ሁሉ በርጫ ላይ ናቸው። ጫት በመጠኑ ብቅምስ?

የጫት ገበያው አወዳይ አፍንጫችን ሥር እያለ «ተው» ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ያበዛል፤ የእኛ መድኃኒት ደግሞ የዚያኑ የዶፓሚን ሥራ ይገታል። ከሰዓት በኋላ ቅሞ ማታ ክኒን መዋጥ ቀን ያፈረሱትን ግንብ ሌሊት እንደመካብ ነው። እንቅልፍም ይነሳል፤ እንቅልፍ የተነሳ ቀን ድምፁ ይበረታል። ስለዚህ «በመጠኑ» የሚለውን አልመክርህም።

ለእኔ ከጫቱ ይልቅ የከበደኝ ስምንት ሰዓት ሲሆን የምሄድበት ማጣቴ ነበር። ለዚያች ሰዓት ሥራ ወይም ሰው አስቀድመህ ፈልግላት።

ጥያቄ፦ ሙቀቱ ከሰው የበለጠ ያደክመኛል። ከመድኃኒቱ ይሆን?

ሊሆን ይችላል። የእኛ መድኃኒቶች፣ ለመንቀጥቀጥ የሚሰጠው አርቴንም ጭምር፣ ሰውነት ሙቀቱን እንዳያስወጣ ያውካሉ። ከመድኃኒቶቻችን አንዱ የሆነው ክሎርፕሮማዚን ቆዳን በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠል ያደርጋል። በግንቦትና በሰኔ እኩለ ቀን ላይ ከቤት አትውጣ፣ ውኃ አብዛ። ትኩሳት መጥቶ ሰውነትህ ከተገተረ ወይም ግራ ከተጋባህ ግን ሳትውል ሳታድር ሆስፒታል ሂድ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ተሽሎታል፤ የአፎቻው (የሐረር ዕድር ማለት ነው) ወንዶች ግን እንደ እንግዳ ያስቀምጡታል እንጂ ሥራ አይሰጡትም። (ከሐረር)

እህቴ፣ ሊቀ መንበሩን ሥራ እንዲሰጡት ጠይቂያቸው፤ ወንበር መደርደርም ቢሆን። በእኛ ዕድር የድንኳኑ ቆጠራ የእኔ ነው። አንድ ጊዜ ስቀር ወዲያው ቤቴ መጡ፤ ማገርሸት መጀመሩን ከእኔ ቀድመው ያወቁት እነርሱ ናቸው። እንደ እንግዳ የተቀመጠ ሰው ቢቀር ግን ማን ልብ ይለዋል?

ጥያቄ፦ አደገኞች ናችሁ?

አብዛኞቻችን አይደለንም። እኛ ሰው ከምንመታበት ጊዜ ይልቅ ሰው እኛን የሚመታበት ጊዜ ይበዛል።

ጥያቄ፦ ለእጮኛዬ መቼ ልንገራት? ልጆቻችንስ ይታመማሉ?

ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ንገራት፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ ያታለልካት ይመስላል። ከተቻለም ሐኪምህ ዘንድ አብራችሁ ግቡ። ከወላጆቹ አንዱ ብቻ ሕመሙ ካለበት፣ ልጅ የመታመም ዕድሉ ከአሥር አንድ ገደማ ነው። ይህን ከጎረቤት ከምትሰማው ከአንተ ትስማው። ሕመሙ ሲነሳብህ መጀመሪያ የሚታይብህንም ንገራት። የእኔ ምልክት ሬዲዮ ማጥፋት ነው፤ ባለቤቴ ሬዲዮው ከጠፋ ሐኪም ቤት ትደውላለች።