ሶሻል ተምሮ ከሰው ጋር መሥራት፦ ለጎንደር ተማሪዎችና ወላጆች ጥያቄዎች መልስ

ሰሞኑን ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ከፍሬሽማኖችና ከወላጆች ጥያቄ ሲመጣልኝ ሰነበተ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ሶሻል ወርክ ተምሬ፣ እዚሁ ጎንደር ከልጆችና ከቤተሰብ ጋር መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የማውቀውን ልመልስ።

ከሰው ጋር መሥራት እወዳለሁ። ሶሲዮሎጂ ይሻለኛል፣ ሳይኮሎጂ ወይስ ሶሻል ወርክ?

አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀረ እንበል። ሳይኮሎጂ የተማረው ልጁን ምን እንደሚያስፈራው፣ ምን እንደሚሰማው ይጠይቃል። ሶሲዮሎጂ የተማረችው «በዚህ ሰፈር ስንት ልጅ ቀረ? ለምን እዚህ በዛ?» ትላለች። ሶሻል ወርከሩ ቤቱን ያንኳኳል። ከእናትየው፣ ከመምህሩ፣ ከቀበሌው ጋር ተነጋግሮ ልጁ የሚመለስበትን መንገድ ይፈልጋል። የትኛው ጥያቄ እንቅልፍ እንደሚነሳሽ ራስሽን እዪው። ፍሬሽማን ላይ ሳይኮሎጂም አንትሮፖሎጂም ስለምትወስጂ እዚያ ይለይልሻል። ዲፓርትመንት ሲመደብ ውጤትም ስለሚታይ ግን በዚያ ዓመት እንዳትዘናጊ።

በሳይኮሎጂ ዲግሪ ሰው ማከም እችላለሁ?

በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ አይሆንም። ለሕክምናው ተጨማሪ የክሊኒካል ትምህርትና ልምምድ ያስፈልጋል። ይህን ሳያውቁ ገብተው ያዘኑ ልጆች አውቃለሁ።

«ሶሻል የሚገባው ናቹራል ያቃተው ነው» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

እኔንም ብለውኛል፤ ያማል። መልሱን ያገኘሁት ለልምምድ ስወጣ ነው። አዘዞ አንዲት እናት ቤት ገባሁ። መጠይቄ ላይ «የወር ገቢ» የሚል አለ። ጠየቅኋቸው። «ተመስገን ነው ልጄ» አሉኝ። ደገምኩት። አሁንም «ተመስገን»። ባዶውን ትቼው አለፍኩ። ቡና ተፈላ። ቶናው ላይ ስለ ሰፈሩ ልቅሶ ስናወራ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔ እንኳ ከእድር ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ» አሉ። መዋጮው አቅቷቸው ነው።

እድር የሌለው ሰው «ማን ይቀብረኛል?» እያለ ነው የሚያድረው። ገቢያቸውንም፣ ጭንቀታቸውንም፣ ከጎረቤት ለምን እንደራቁም በዚያች አንድ ቃል ነገሩኝ። መጠይቁ ይህን ሳጥን አልነበረውም። በኋላ እሳቸው ሲፈቅዱ የእድሩን ዳኛ አነጋገርን። ውዝፉን ቀስ እያሉ እንዲከፍሉ ተስማምተው መለሷቸው።

ምን መጠየቅ እንዳለበት ማወቅ፣ ጊዜውን መጠበቅ፣ የሰሙትን በትክክል መጻፍ፦ እኛ የምንማረው ይህን ነው። ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው።

ሂሳብ ፈርቼ ነው ሶሻል የገባሁት። ተረፍኩ?

አልተረፍክም ወንድሜ። ስታቲስቲክስ አለ፣ የጥናት ዘዴ አለ። ግን ቁጥሩ ስለ ሰው ስለሆነ ቶሎ ይገባል። ኤክሴል ከአሁኑ ልመድ።

ሥራውስ የት አለ?

ተመርቆ ብዙ ጊዜ የጠበቀ ሰው ስላለ «ሥራ ሞልቷል» ብዬ አልዋሽም። መጀመሪያ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን የመውጫ ፈተና ማለፍ አለባችሁ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ከዚያ የሴቶች፣ ሕጻናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮዎች፣ ሆስፒታሎች፣ ትምህርት ቤቶች፣ የእርዳታ ድርጅቶች አሉ። በእኛ አካባቢ የስደተኛና የተፈናቃይ ሥራ ሰፊ ነው። ዳባት አጠገብ በአለምዋጭ መጠለያ የኤርትራ ስደተኞች አሉ። ከሚያዝያ 2015 ወዲህ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ያሳደዳቸው በመተማ በኩል ገብተዋል። እንዲህ ያለ ቦታ የሚቀጠረው ሪፖርት መጻፍ የሚችልና የባለጉዳይን ምስጢር የሚጠብቅ ነው። በጎ ፈቃደኛ ሆናችሁ የሠራችሁበትን እያንዳንዱን ወር ሲቪያችሁ ላይ አስፍሩ።

ልጄ ሶሻል ካልሆነ አልማርም አለች፤ አባቷ ደግሞ ጤና ይላል። ምን ይሻላል?

እትዬ፣ ሁለቱ እንደሚመስለው አይራራቁም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1947 ዓ.ም. ሲጀመር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነበር። ተማሪዎቹም በቡድን ሆነው ወደ ሕዝቡ ይወጡ ነበር። ዛሬም ሐኪሙ «ድኗል፣ ይውጣ» ብሎ የሚወስደው ዘመድ የጠፋ ታካሚ አለ። ያኔ የሚጠራው ሶሻል ወርከር ነው። ይህን ለአባቷ ይንገሩልኝ። ልጅቷንም «ለምን ወደድሽው?» ብለው ይጠይቋት፤ ምክንያቷን አባቷ ከራሷ አፍ ይስማ።

የሰው ችግር ስትሰሚ ውለሽ ማታ እንዴት ትተኛለሽ?

የማልተኛበት ቀን አለ። በተለይ ልጅ የተጎዳበት ጉዳይ ሲመጣ። የባለጉዳይ ነገር ቤቴ አይወራም፤ ምስጢር ነው። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ከአንዲት ነባር ባልደረባዬ ጋር ቁጭ ብለን የሳምንቱን እናወጣዋለን። አንዳንዴ ታርመኛለች፣ አንዳንዴ ዝም ብላ ትሰማኛለች። ጀማሪ እያለሁ ይህን የሚያደርግልኝ ሰው አልነበረኝም፤ ሥራውን ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። አንቺ ልምምድ ስትመደቢ በመጀመሪያው ቀን «ሲከብደኝ ማንን ላነጋግር?» ብለሽ ጠይቂ። ስም ሳይነግሩሽ እንዳትወጪ።