ሰልፍ፣ እስርና 48 ሰዓት፦ ከወሎ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በሰላማዊ ሰልፍ ምክንያት ስለሚታሰሩ የመብት ተሟጋቾች ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከባቲና ከአካባቢው የተላኩ ጥያቄዎች ናቸው። የሚመልሰው በወንጀል ጉዳይ የሚቆም ጠበቃ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኛው አቆጣጠር ነው።

ከደሴ፦ ሰልፍ ልንጠራ አስበናል። "ፈቃድ የላችሁም" ተብለን እንዳንታሰር ምን እናድርግ?

መብቱ ያለው ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ ነው፤ አካሄዱ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 ተጽፏል። አዋጁ አሳውቁ ይላል እንጂ አስፈቅዱ አይልም። ስለዚህ ደብዳቤያችሁ ላይ "ፈቃድ እንዲሰጠን" የምትል ሐረግ አትግባ፤ "በአዋጁ መሠረት እናሳውቃለን" በሉ። ብዙ አስተባባሪ የሚጠለፈው እዚህች መስመር ላይ ነው። ራሱ ፈቃድ ጠይቆ መልስ ካጣ፣ ኋላ ዐቃቤ ሕጉ "ጠይቆ ሳይፈቀድለት ወጣ" ብሎ የገዛ ደብዳቤውን ማስረጃ ያደርግበታል።

ደብዳቤው ከሰልፉ ቢያንስ 48 ሰዓት ቀድሞ ለከተማው አስተዳደር፣ ገጠር ከሆነ ለወረዳው ይደርሳል። ዓላማው፣ ቦታው፣ ቀንና ሰዓቱ፣ የምትሄዱበት መንገድ፣ ከመንግሥት የምትፈልጉት እገዛ፣ የአስተባባሪዎቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይኑርበት። ቀሪው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም አስደርጉ፤ ከቀኑ ጎን ሰዓቱንም አስጽፉ። ሰዓት የሌለው ማህተም 48 ሰዓት መሙላቱን አያስረዳም። መዝገብ ቤቱ "ኃላፊው የሉም" ብሎ ከመለሳችሁ ፖስታ ቤት ሂዱና በአደራ ደብዳቤ ላኩት፤ ደረሰኙን ያዙ። አልቀበልም ሲባል አብረው የቆሙ ሁለት ሰዎች ካሉ ምስክር ይሆናሉ። ይህ መመላለስ ጊዜ ስለሚበላ ለ48 ሰዓቱ ጫፍ አትጠብቁ፤ አራት አምስት ቀን አስቀድማችሁ አስገቡ።

አስተዳደሩ ሌላ ቦታ ወይም ሌላ ጊዜ ይሻላል ካለ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መስጠት አለበት። በየትኛውም ቦታና በየትኛውም ጊዜ አይደረግም ማለት ግን አዋጁ ከልክሎታል። በስልክ "ተዉት" መባል በአዋጁ መልስ አይደለም። ቢሆንም ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንዳለ ጽፋችሁ ያዙ።

ከባቲ፦ መንገዱን ስንመርጥ ምን እንጠንቀቅ?

ርቀቱን። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከሆስፒታል፣ ከመካነ መቃብርና ከኤምባሲ በ100 ሜትር ዙሪያ ሰልፍ ክልክል ነው፤ ከጦር ሠፈርና ከመሰል የጸጥታ ተቋማት 500 ሜትር። በገበያ ቀን ገበያ ቦታ ላይም አይፈቀድም። ስለዚህ ባቲ ላይ ሰኞ ቀን ገበያውን አቋርጦ የሚሄድ መስመር የጻፈ ሰው፣ ለመከልከያው ምክንያት በገዛ እጁ አቀበለ ማለት ነው።

ወሎ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን የሚቆሙበት አገር ስለሆነ 100 ሜትሩ ቀልድ አይደለም። መስመሩን በእግር ሄዳችሁ ለኩ፤ ቀጭን ንድፍ ሠርታችሁ ከደብዳቤው ጋር አያይዙ። ከጁምዓ ሶላት ወይም ከቅዳሴ በኋላ ከግቢው በር የሚነሳ ሰልፍም በዚሁ ይጠየቃል። መነሻውን ራቅ አድርጉ።

ከኮምቦልቻ፦ ወንድሜ አርብ በ9 ሰዓት ተያዘ። 48 ሰዓቱ መቼ ያልቃል? ቅዳሜና እሑድ ይቆጠራል?

ይቆጠራል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ከዚህ የሚቀንሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ አግባብ ባለው ግምት የሚያስፈልገውን ጊዜ። ወንድምሽ እሑድ 9 ሰዓት ላይ 48 ሰዓት ሞልቶታል። በተግባር ሰኞ ጠዋት ነው የሚያቀርቡት። ስለዚህ ሰኞ ሥራ ሳይጀመር ፍርድ ቤቱ በር ላይ ተገኙ፤ መዝገብ ቤት ገብታችሁ የጊዜ ቀጠሮ (ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ጊዜ የሚጠይቅበት) መዝገብ ተከፍቶ እንደሆነ በስሙ ጠይቁና የመዝገብ ቁጥሩን ያዙ። ያለ ቁጥር ማንም አያስተናግዳችሁም።

ችሎት ሲቀርብ መጀመሪያ ማስመዝገብ ያለበት የተያዘበትን ቀንና ሰዓት ነው። ፖሊስ አንዳንዴ ምርመራ የጀመረበትን ቀን የተያዘበት ቀን አድርጎ ይጽፋል። በመጀመሪያው ቀን ካልተቃወመ በኋላ ማስተካከሉ ፈተና ነው።

ከሳይንት፦ እኛ ዘንድ ይዘው ደሴ ወሰዷቸው። "መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ነው" ይላሉ።

የመንገዱ ጊዜ የሚቆጠረው ለፍርድ ቤት ጉዞ ነው እንጂ ለመርማሪው ምቾት አይደለም። ወረዳው ላይ ፍርድ ቤት እያለ ወደ ዞን ማጓጓዝ ሰዓቱን አያስረዝምም። ይህን ደሴ ላይ በችሎት አንሱት።

ከሐይቅ፦ ሦስት ጣቢያ ዞርን፣ ሦስቱም "እኛ ጋ የለም" አሉ።

በዚህ ጊዜ የሚያዋጣው አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም ያለ ሕግ የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ እንዲለቀቅ የሚጠየቅበት፣ ነው፤ መሠረቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 177 ነው። ሕጉ የሚያመለክተው ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስለሆነ ለእናንተ የደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሆናል። አቤቱታው በቃለ መሐላ ይደገፋል፤ የተያዘው ሰው ስም፣ እንዴትና የት እንደተያዘ፣ ይህን ያዩ ሰዎች ስም ይጻፍበታል። አመልካቹ ታሳሪው ራሱ መሆን የለበትም፤ ሚስት፣ እናት ወይም ጓደኛ ሊያቀርብ ይችላል።

ነገሩ የሚበላሸው ተጠሪ ላይ ነው። "ፖሊስ" ብላችሁ በደፈናው ከጻፋችሁ መጥሪያው አንድ መሥሪያ ቤት ደርሶ "እኛ ዘንድ የለም" የሚል የሁለት መስመር መልስ ይመጣል፤ መዝገቡም ይዘጋል። የከተማውን፣ የወረዳውንና የዞኑን ፖሊስ፣ የፌዴራል ፖሊስ እጅ አለበት ብላችሁ ካመናችሁ እሱንም ለየብቻ ዘርዝሩ። የያዙት ሰዎች የለበሱትን ልብስና የመኪናውን ሰሌዳ ያየ ሰው ካለ እሱ ነው ዋናው ምስክራችሁ። ጣቢያ በዞራችሁ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱንና የመለሰላችሁን ሰው ማዕረግ ጻፉ፤ ቃለ መሐላው ከዚህ ነው የሚሠራው።

ከደሴ፦ ጣቢያ ላይ ቃል ስጥ ሲባል መስጠት ግዴታ ነው?

አይደለም። አንቀጽ 19 ዝም የማለት መብት ይሰጣል፤ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 27ም መርማሪው ይህን አስቀድሞ እንዲነግር ያዛል። ስም፣ ዕድሜና አድራሻ ተናግሮ "ከጠበቃዬ ጋር ሳልነጋገር ቃል አልሰጥም" ማለት ይበቃል። ይህችንም ዐረፍተ ነገር ቃል መቀበያው ላይ ያስጽፍ።

ከሰጠ ግን ከመፈረሙ በፊት እያንዳንዱን ገጽ ያንብብ፤ ባዶ የቀረውን ቦታ በመስመር ይዝጋ። ማንበብ የማይችል ሰው እንዲነበብለት ይጠይቅ። "ማን አደራጃችሁ? ገንዘቡን ማን ሰጠ?" የሚሉት ጥያቄዎች ሰልፉን ወደ ሴራ የሚቀይሩ ናቸው፤ ሰው የሚሳሳተውም ባልንጀራውን ለማዳን ብሎ ሲያብራራ ነው። ተገድዶ የሰጠው ቃል ካለ በመጀመሪያው ችሎት ይናገር፤ ጉዳት ካለው ሐኪም እንዲያየው ዳኛውን ይጠይቅ። በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ በሕገ መንግሥቱ ተቀባይነት የለውም፤ ሁለት ወር ቆይቶ የሚነሳ አቤቱታን ግን ዳኛው በጥርጣሬ ነው የሚያየው። የስልክ ይለፍ ቃልም ከቃል ተለይቶ መታየት የለበትም ብዬ እከራከራለሁ።

ከወልዲያ፦ 14 ቀን፣ እንደገና 14 ቀን እየተባለ ሦስተኛ ቀጠሮ ላይ ደርሰናል። ገደብ የለውም?

የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ግን አይገድብም። ቀዳዳው ይኸው ነው። ሕገ መንግሥቱ ተጨማሪ ጊዜ ለምርመራው ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሆን ስለሚል ክርክሩ እዚያ ላይ ይመሠረት።

"ልጃችን ንጹሕ ነው" የሚለው ንግግር ጊዜ ቀጠሮ ላይ አይሠራም። ዳኛው የሚመዝነው በተሰጠው ጊዜ ምን እንደተሠራና ምን እንደቀረ ነው። የመጀመሪያውን ቀጠሮ ግልባጭ አውጡና ፖሊስ ያን ቀን "ይቀረኛል" ያለውን ከዛሬው ጋር አስተያዩት። ቃል በቃል ተመሳሳይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። "የምስክር ቃል መቀበል" ካለ ስንት ምስክር፣ ስንቱ ተሰማ? "ከቴሌ ማስረጃ ማምጣት" ካለ ደብዳቤው መቼ ተጻፈ? ታሳሪው ወጥቶ የቴሌን መዝገብ ሊያጠፋ ስለማይችል ይህ ለእስር ምክንያት አይሆንም። አሥር ሰው በአንድ መዝገብ ከታሰረ ደግሞ እያንዳንዱ ምን እንዳደረገ ተለይቶ እንዲነገር ጠይቁ፤ የጅምላ ማመልከቻ የሚፈርሰው እዚያ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ዋስ ተፈቅዶለት ገንዘቡንም አስይዘን አልለቅም አሉ።

የመፍቻ ትዕዛዙ ጣቢያ የደረሰበትን ሰዓት በቀሪው ላይ አስፈርሙና በዚያው ቀን ወደዚያው ችሎት ተመለሱ፤ የጣቢያው ኃላፊ ቀርቦ እንዲያስረዳ ይታዘዝ። ሁለት ዓይነት መልስ ይመጣል። አንዱ "ይግባኝ ልንጠይቅ ነው" ነው፤ የበላይ ፍርድ ቤት የእግድ ትዕዛዝ በእጃቸው ከሌለ ሐሳብ ብቻውን አያሳስርም። ሁለተኛው "ሌላ ጣቢያ በሌላ ወንጀል ይፈልገዋል" ነው። ይህ ይከፋል፤ 48 ሰዓቱ እንደ አዲስ ይጀምርና ሰውየው ከጣቢያ ጣቢያ ይዞራል። ያኔ የድሮውን መዝገብ ግልባጭ ለአዲሱ ዳኛ አቅርባችሁ ድርጊቱ ያው መሆኑን አሳዩ።

ዋስትና ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይባላል፤ የዚያው ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 75 ነው። ሕግን ጥሶ ሰው ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል። በዚህ አንቀጽ ክስ የሚያቀርበው ያው ዐቃቤ ሕግ መሆኑን ግን አትርሱ።

ከገርባ፦ ድንጋይ እንኳን ያልተወረወረበት ሰልፍ እንዴት ሽብር ይባላል?

በፀረ ሽብር አዋጅ 652/2001 ጊዜ ይባል ነበር። የሙስሊሞች ጥያቄ ኮሚቴ አባላት ሐምሌ 2004 ታሰሩ፤ በ2007 18 ሰዎች ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፤ እስከ 2010 ድረስ ተፈቱ። ገርባ ላይ በጥቅምት 2005 ሰው የሞተበት ቀንም በዚያው ንቅናቄ ውስጥ ነው፤ ለናንተ አልነግራችሁም።

በ2012 የወጣው አዋጅ 1176 ያንን ሽሯል። አንቀጽ 4 በሰላማዊ ሰልፍ፣ በስብሰባና በመሰል መብት ምክንያት የሚፈጠር የአገልግሎት መስተጓጎል ሽብር አይደለም ይላል። ስለዚህ አሁን ክሱ ወደ ወንጀል ሕጉ አንቀጽ 238፣ ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓትን ወደሚመለከተው፣ ሲዞር ታያላችሁ። የቅጣቱ ጣሪያ ከ15 ዓመት በላይ ስለሆነ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 63 ዋስትና ለማስከልከል ይመቻል። ቁጥር 63 ግን ከቅጣቱ መጠን ጋር የተበደለው ሰው መሞትን ወይም ሊሞት መቻሉንም ያነሳል፤ ጠበቆች ሁለቱ አብረው ይነበቡ ብለን የምንከራከረው ለዚህ ነው። ማንም ያልሞተበት ሰልፍ ከሆነ ይህን ክርክር ሳታነሱ አትውጡ።

ከደሴ፦ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅስ ይህ ሁሉ ይቀራል?

ብዙው ይታገዳል፤ ሁሉም አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ጭካኔና ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለውን አንቀጽ 18ን አይነካም። ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ የታሳሪዎችን ስምና ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ አለበት። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ለአማራ ክልል የታወጀው ጥር ላይ በአራት ወር ተራዝሞ ግንቦት 2016 መጨረሻ ላይ አብቅቷል። ኅዳር 30 ቀን 2016 አዲስ አበባ ላይ ታስቦ ለነበረው "ጦርነት ይቁም፣ ሰላም ይስፈን" ሰልፍ አስተባባሪዎቹ ቀድመው የታሰሩት አዋጁ እየሠራ ሳለ ነው።

አዋጁ ካበቃ በኋላ በእሱ ስም ማቆየት መሠረት የለውም። መስከረም 2017 በክልሉ የተጀመረው፣ አምነስቲም የዘገበው የጅምላ እስር ግን የመጣው አዋጁ ካለቀ ከወራት በኋላ ነው። ያለ ፍርድ ቤት የቆየ ሰው ካላችሁ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታው ክፍት ነው።

ከመርሳ፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ወሰዱት።

እናቴ፣ ዛሬውኑ የልደት ካርዱን ወይም የትምህርት ቤት ማስረጃውን ይያዙና ይሂዱ። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ወዲያው በአቅራቢያው ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከትልልቆች ጋርም በአንድ ክፍል አይታሰርም። ፖሊስ ዕድሜውን በግምት 18 ብሎ ጽፎት ከሆነ ማስረጃውን ለዳኛው ይስጡ፤ ለመርማሪው ዋናውን አይተዉለት፣ ኮፒ ይበቃዋል።

ከከሚሴ፦ አባቴ አማርኛ በደንብ አይሰሙም። ፈርመው ወጡ።

የተያዙበት ምክንያት በሚረዱት ቋንቋ ሊነገራቸው ይገባ ነበር። ቃሉ ያለ አስተርጓሚ የተወሰደ መሆኑን ለዳኛው ያስመዝግቡ፤ በችሎትም አስተርጓሚ ይጠይቁ። "ትንሽ ትንሽ እሰማለሁ" ብለው ትሕትና እንዳያሳዩ ንገራቸው። መዝገቡ ላይ "አማርኛ ይችላሉ" ተብሎ ይጻፋል።

ከሐይቅ፦ ጠበቃ መክፈል አንችልም። ስንቅም አናስገባም አሉን።

ክስ ከተመሠረተ በኋላ ፍርድ ቤቱን ተከላካይ ጠበቃ ጠይቁ። በምርመራው ጊዜ ግን የሚመደብላችሁ ስለማይኖር፣ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ ድጋፍ ስለሚሰጡ ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጠይቁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ወዳጅ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪምና ጠበቃ እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ካለው የሐኪሙን ማዘዣ ኮፒ ከመድኃኒቱ ጋር ስጡ፤ ያለ ማዘዣ በር ላይ ይመለሳል።

ከወልዲያ፦ ከፍርድ ቤት ውጭ የት እንጩህ?

የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እስር ቤቶችን ሳያስታውቅ የመጎብኘት ሥልጣን አለው፤ አቤቱታውን በጽሑፍ አስገቡ፤ የመዝገብ ቁጥርና የታሰረበት ቦታ ይኑርበት። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤም (ኢሰመጉ) ይቀበላል፤ የእሱም አራት ባልደረቦች ታኅሣሥ 2015 የቤት ፈረሳ ሲያጣሩ ታስረው በዋስ ተፈተዋል። የተባበሩት መንግሥታት የዘፈቀደ እስር የሥራ ቡድን የአገር ውስጥ ፍርድ ቤት ደረጃን አሟጡ አይልም፤ የአፍሪካ ኮሚሽን ግን ይላል። ለሁለቱም የምትልኩት ያንኑ ነው፦ የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ ያሰረው አካል፣ የቀጠሮ ግልባጮች፣ ማህተም ያለበት የማሳወቂያ ደብዳቤ። ታሳሪው ራሱ ወይም ቤተሰቡ ስሙ እንዲወጣ መስማማቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።